የአባት ስም የሌለው ጸሎት

በአማርኛችን ለዳኛ የሚጻፈው አቤቱታ ይባላል፤ ለእግዚአብሔር የሚቀርበው ደግሞ «አቤቱ» ብሎ ይጀምራል። አንዱ በችሎት ነው፣ ሌላው በጸሎት። በሁለቱም ቤት አማላጅ አለ፣ ቀጠሮ አለ፣ ምስክር አለ፤ እንዲያውም ሰማዕት ማለት በግእዙ ምስክር ማለት ነው ይሉናል የሚያውቁት። እንግዲህ የኛ አገር ሰው ሁለቱን ቢያምታታ አይፈረድበትም። ቢቸና ላይ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውንና ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደውን ሰው ቆማችሁ ብታዩት አትለዩትም። ሁለቱም ነጠላውን አጣፍቷል፣ ሁለቱም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው፣ ሁለቱም ሰላምታችሁን አይሰማም። ብዙ ጊዜም ሰውዬው አንድ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ወደዚህ እየሄደ ነው።

ይህን የምላችሁ ከሩቅ አይቼ እንዳይመስላችሁ። እኔ ሞጣ ፍርድ ቤት ደጃፍ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ድሮ በእጅ፣ ከዚያ በታይፕ፣ አሁን በኮምፒዩተር፤ መብራት ሲጠፋ እንደገና በእጅ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከደንበኞቼ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ሰው የሚጸልየው እንደ እውነቱ መጠን አለመሆኑን ነው። እውነቱ በእጁ ያለ ሰው አጠር አድርጎ ይጸልያል፤ አማትቦ ይገባል፣ በቃ። የሚሳለው፣ የሚሰግደው፣ ከገዳም ገዳም የሚዞረው ነገሩ የከበደው ነው። አንዳንዱማ ወንጀሉን ራሱ ፈጽሞ፣ መፈጸሙን እግዚአብሔር እንዳየው እያወቀ፣ ዳኛው እንዳያይበት እግዚአብሔርን ይለምናል። እኔ በሰማይ ቤት ብሆን መዝገቡን ገና ከበር እመልሰው ነበር።

ስለ ደንበኞቼ ብቻ ባወራ ግን ሐሜት ይሆንብኛል። ስለዚህ የራሴን ዘመድ ልማላችሁ።

አክስቴ እትዬ የሺመቤት ቢቸና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው የሚኖሩት። ባለቤታቸው ጋሽ ሞላ ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል። ከጓሯቸው ተነስታ፣ የጎረቤታቸውን የአንዳርጌን ግቢ ጥግ ይዛ፣ ቀጥ ብላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የምታደርስ ቀጭን መንገድ አለች። በዚያች ከሄዱ ደወሉ ሳያባራ ይደርሳሉ። በፊት ለፊቱ በር ወጥተው በአስፋልቱ ከዞሩ ግን መጀመሪያ ቁልቁለቱ አለ፣ ከዚያ ዳገቱ አለ፣ ከሁሉም በላይ ጉልበታቸው አለ። የግራ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ያ ዳገት ለሳቸው ሌላ ወረዳ ነው። መንገዷ ተዘጋች ማለት ኪዳን ቀረ፣ ቅዳሴ ቀረ፣ የሰው ፊት ማየት ቀረ ማለት ነው። ብቻቸውን ለሚኖሩ ሴት ይህ ከቀረ ሌላ ምን ይቀራል?

አንዳርጌ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ መናገር ያለብኝ በኋላ ነገሩን ስለሚያከብድብኝ ነው። ሊያገባ ለደረሰ ልጁ ቤት ሊሠራ አሰበና ባለሙያ አስመጥቶ ግቢውን አስለካ። ባለሙያው መሣሪያውን ተክሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መንገዷ ከዳር እስከ ዳር በአንዳርጌ ካርታ ውስጥ ናት አለ። አንዳርጌ ችካል ተከለ። እትዬ የሺመቤት ችካሉን ነቀሉ። አንዳርጌ መልሶ ተከለ። እትዬ መልሰው ሊነቅሉ ሲያጎነብሱ ጉልበታቸው እንቢ ስላላቸው ወደ ሕግ ሄዱ።

የሁከት ይወገድልኝ ክሱን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ፤ ለሌላ ሰው ብለቅላቸው ዕድሜ ልካቸውን አይለቁኝም ነበር። «ከጥንት ጀምሮ ያለማንም ከልካይ ስገለገልበት የኖርኩትን መንገድ» ብዬ አሳመርኩት። ለምስክርነትም ስሜን አስመዘገቡ። ወጣት ሳለሁ እሳቸው ቤት ተቀምጬ ነበርና ስለዚያች መንገድ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ በሕይወት የለም። ችግሩ በጣም ማወቄ ነው። «ከጥንት ጀምሮ» የምትለዋን ቃል ስጽፋት ጣቴ አልተንቀጠቀጠም፤ በሌላ ሰው ስም ሲጽፉ ጣት አይንቀጠቀጥም። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጅ ጭኖ መናገር ግን ሌላ ሥራ መሆኑን ያኔ አላሰብኩትም።

እትዬ የሺመቤት ክሱን ካስገቡ በኋላ ጸሎቱን ተያያዙት። ለታቦቱ ጥላ ተሳሉ፤ ወርቀ ዘቦ ያለው፣ ዘርፉ ረዥም የሆነ። ከዓርብና ረቡዕ ውጭ ሌላ ጾም በራሳቸው ላይ ጫኑ። ጠዋት ጠዋት አባታችን ሆይን ሲደግሙ የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ይዘሉታል። አንድ ቀን አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁና «እትዬ፣ አንድ ቦታ አለፉ እኮ» አልኳቸው። «አውቄ ነው» አሉኝ። «ጉዳዩ በፍርድ ቤት ተይዟል»።

አንዳርጌም ያው የሚሳለመው እዚያው ነው፤ እሱ በወንዶቹ በኩል፣ እሳቸው በሴቶቹ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ አንድ መጋረጃ አዙረው አንዱ ባንዱ ላይ ያመለክታሉ። በቅዳሴው መካከል እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲባል ሕዝቡ ግራና ቀኝ እየዞረ እጅ ይነሳሳል። እትዬ የሺመቤት ያን ሰሞን ለምሰሶው ነበር እጅ የሚነሱት።

ቀጠሮው ሲቃረብ ስልክ ደወሉልኝ።

«ይቤ፣ ግንደወይን አጠገብ አንድ መሪጌታ አሉ አሉኝ። ላንተ ከሞጣ ይቀርብሃል፤ ሂድልኝ» አሉ።

«ለምን?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልሳን ማሰሪያ»።

ልሳን ማሰሪያ ማለት ባላጋራ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ምላሱ እንድትተሳሰር፣ የሚናገረው እንዲጠፋው የሚደረግ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን አትቀበለውም። ካህናቱ ስሙን ሲሰሙ ያወግዙታል፤ አንዳንዶቹ ካወገዙ በኋላ አድራሻውን ይነግሯችኋል። እኔም እንደ ተማረ ሰው «ይህማ ጸሎት አይደለም እኮ እትዬ» አልኳቸው። «ለምን አይሆንም? ከላይ የእግዚአብሔር ስም አለበት፣ ከታች አሜን አለው» አሉኝ። «መካከሉን ተወው፤ እሱ የመሪጌታው ጉዳይ ነው»።

ሄድኩ። አትፍረዱብኝ፤ ያሳደገች አክስት ሂድ ስትል የሚቀር ካለ እሱ ይፍረድብኝ። መሪጌታው ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰው ናቸው። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ቀለማቸውን አስጠጉና «የባላጋራ ስም?» አሉ።

«አንዳርጌ ታምሩ» አልኩ፤ እንደ ሙያዬ የአያቱንም ልጨምር ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ይህማ የቀበሌ ስሙ ነው» አሉ በሐዘኔታ። «በሰማይ አንዳርጌ የሚባል ሰው አይታወቅም። የክርስትና ስሙን አምጣ»።

እውነታቸውን ነው። እንደምታውቁት እኛ ሰዎች በምድር በአንድ ስም እንካሰሳለን፣ በሰማይ በሌላ ስም እንጠራለን። የሰው የክርስትና ስም ደግሞ በመታወቂያ ላይ አይጻፍም። አስቤ አስቤ ሞጣ ያለች ታላቅ እህቱ ዘንድ ሄድኩ። «የአንዳርጌን የክርስትና ስም ለጸሎት ፈልጌው ነበር» አልኳት። አልዋሸሁም። ሴትዮዋ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ተካሳችሁም ትጸልዩለታላችሁ? ተባረክ፣ እንዲህ ያለ ዘመድ ይስጥ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ገብረ ማርያም ነው» አለችኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እኔም ገብረ ማርያም ነኝ።

እንግዲህ በእኔ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። መሪጌታውን ወይም አክስቴን «ስሙ ከኔ ጋር አንድ ነው፣ ጠንቀቅ እንበል» ብል፣ ልሳን ማሰሪያ እንደሚያስር አመንኩ ማለት ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ ባለ ነገር የማላምን ሰው መሆኔን ሞጣ ላይ በየሻይ ቤቱ አውርቻለሁ። የማያምን ሰው እንዴት ይሰጋል? ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አልኩ፤ ስሙን አቀበልኩ፣ የታጠፈችውን ወረቀትና ጥቁር ክሯን ተቀብዬ ቢቸና ይዤ ወረድኩ።

ትእዛዙ ክሩ በወረቀቱ ላይ ሰባት ጊዜ ይቋጠር፣ በየቋጠሮው ስሙ ይጠራ የሚል ነበር። እትዬ የሺመቤት ጣታቸው ቀጭን ክር አይዝላቸውም። «አንተ ቋጥረው» አሉኝ። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው እየቆጠሩ፣ እኔ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ «ገብረ ማርያም» እያልኩ አጠበቅኩ። አራተኛው ላይ «ላላ አለች፣ ሳብ አድርጋት» አሉኝ፤ ሳብ አደረግኳት። እንዲህ አድርጌ የገዛ ስሜን እየጠራሁ በገዛ እጄ ሰባት ጊዜ ቋጠርኩ።

ሞጣ ተመልሼ ነገሩን ለጎረቤቴ ለሰይድ እንደ ቀልድ አጫወትኩት። ሰይድ ከክፍሌ ቀጥሎ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል፤ አባቱም አያቱም እዚያው ሞጣ ሲነግዱ ነው የኖሩት፤ የደንበኞቼን ነገር ከኔ እኩል ያውቃል። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በጥሞና ሰማኝ።

«ገብረ ማርያም ማን ብላችሁ ነው የላካችሁት?» አለ።

«ገብረ ማርያም ብቻ። የክርስትና ስም የአባት ስም የለውም»።

«የአያትም የለውም?»

«የለውም»።

«ወረዳ፣ ቀበሌ?»

«ሰይድ፣ ጸሎት እኮ ነው»።

«አንተ አይደለህም እንዴ የአያት ስም የሌለበትን ማመልከቻ ሬጅስትራር ይመልሰዋል እያልክ ገበሬውን ከግንደወይን የምታመላልሰው?» አለኝ። «በምሥራቅ ጎጃም ስንት ገብረ ማርያም እንዳለ አላውቅም፤ የማውቀው ግን አንዱ እዚህ ፊቴ መቆሙን ነው»። ከዚያ ነው ከት ብሎ የሳቀው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጉሮሮዬን መፈተሽ ጀመርኩ። አላምንም፤ ብቻ እፈትሻለሁ። ጠዋት ስነሳ አንድ ሁለት ቃል ጮክ ብዬ ተናግሬ አያለሁ። ዝንጅብል በማር ማፍላት አበዛሁ። አንድ ደንበኛ የክሱን ዝርዝር ሲጠይቀኝ ትንሽ ተንተባተብኩና ላብ አጠመቀኝ። ለሰይድ አልነገርኩትም እንጂ ለራሴ ጸሎት ማድረስም ጀምሬ ነበር፤ አቤቱ ይህ ነገር እኔን አይመለከትም እያልኩ።

የቀጠሮው ቀን ቢቸና ችሎቱ ሞልቷል። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ ቃል አታባክንም። አስቀድማ አንዳርጌን ስለ ካርታው አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። አንዳርጌ ተነሳና ተናገረ። እንዴት ተናገረ መሰላችሁ! ውሃ ሳይጠጣ፣ ሳይደናቀፍ፣ ከልኬቱ ጀምሮ እስከ ልጁ ሠርግ አወረደው፤ በመጨረሻ ዳኛዋ «ይበቃል» አለችው። ወደ እትዬ የሺመቤት ዞር ብዬ ሳይ አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። ቋጠሮው እሱ ዘንድ እንዳልደረሰ ያኔ ገባኝ። ቀጥሎ የተጠራው የኔ ስም ነው።

ቆምኩ። መጽሐፉን አቀረቡልኝ፣ እጄን ጫንኩ፣ ማልኩ። እስከዚያ ድረስ ድምፅ ነበረኝ። ዳኛዋ «መንገዱ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?» አለች። መልሱን አውቀዋለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከጥንት ጀምሮ ነው። አፌን ከፈትኩ። «ከ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ደግሜ ሞከርኩ፤ «ከ» ብቻ ወጣች። እጄ ሥር የመጽሐፉ ሽፋን ላቤን ጠጥቶ ረጠበ። አክስቴ በፊታቸው እያዘዙኝ ነበር፤ በል፣ በል። ዳኛዋ ብዕሯን አስቀምጣ «ምስክሩ ያማቸዋል?» አለች። አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። ምስክሩ ተሽሎት ይቅረብ ብላ ሌላ ቀጠሮ ሰጠች።

ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሰው የውሃ ጠርሙስ ከፍቶ አቀበለኝ። አንዳርጌ ነው። «ይበልጣል፣ ምን ሆንክ? ስኳር አለብህ እንዴ?» አለኝ። «ፊትህ አመድ መስሏል። ቀስ ብለህ ጠጣ»። ጠጣሁ። ያ ውሃ ስንት ነገር እንደነገረኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ምላሱን ላሳስር የሄድኩበት ሰው ጉሮሮዬን ያረጥብልኛል። አፈርኩ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

አክስቴ ቤት ስንደርስ ተናዘዝኩ። የክርስትና ስማችን አንድ መሆኑን ስነግራቸው እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። «ገብረ ማርያም ነህ? አንተ? እኔው ራሴ ቆሜ ክርስትና አስነስቼህ እንዴት ረሳሁት!» አሉ። ከዚያ ወዲያው ወደ ሥራ ገቡ፤ መሪጌታው ጋ ደወሉ። መሪጌታው በእርጋታ አስረዷቸው፤ ማሰሪያው ስም እንጂ መልክ አያይም፣ መፍታት ይቻላል፣ ክሩን መቁረጥ ነው፤ ነገር ግን ሲፈታ ለሁለቱም ነው የሚፈታው። እትዬ የሺመቤት ስልኩን ዘግተው ረዥም ሰዓት አሰቡ። ምስክራቸውን ቢፈቱ ባላጋራቸው ይፈታል። ባላጋራቸውን እንዳሰሩ ቢተዉ ምስክር የላቸውም።

«ለመሆኑ አንዳርጌ ዛሬ ታስሮ ነበር?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ዳኛዋ ናት በግድ ያስቆመችው» አልኩ።

መቀስ አምጣ አሉኝ። ሰባቱንም ቋጠሮ እኔው ቆረጥኩ።

እኔ ግን ያሰረኝ ምን እንደሆነ ከደረጃው ላይ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያንን ነው ለአክስቴ ያልነገርኳቸው። ያቺ መንገድ ከጥንት ጀምሮ አልነበረችም። የወጣችው እኔ እሳቸው ቤት በተቀመጥኩ ጊዜ ነው፤ አንዳርጌ ያኔ ደጀን በመኪና ረዳትነት ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ሞላ የአንዳርጌን አባት ጋሽ ታምሩን ለመኑ፤ ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት ጥግ ስጠኝ አሉ። አጥሩን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ ዶማው በእጄ ነበር። ጋሽ ታምሩ ቆመው እያዩኝ የተናገሩትን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ዳኛ ፊት ይህን ልተወው ስል ነው «ከ» ላይ የቀረሁት።

በሁለተኛው ቀጠሮ እትዬ የሺመቤት ደስ ብሏቸው ነበር፤ ክሩ ተቆርጧል፣ ምስክራቸው ጠዋት ቁርስ ላይ እንደ ልቡ አውርቷል። ቆምኩ፣ ማልኩ። ዳኛዋ ጥያቄዋን ደገመች። «ከጥንት ጀምሮ አይደለም» አልኩ። ድምፄ ራሱ አስደነገጠኝ፤ ችሎቱ መጨረሻ ድረስ ነው የሄደው። አንዴ ከተፈታ ማን ያቆመዋል? ጋሽ ሞላ እንደለመኑ፣ ጋሽ ታምሩ እንደፈቀዱ፣ አጥሩን እንዳፈረስኩ ሁሉንም ተናገርኩ። «ሲፈቅዱ ምን ብለው ነው የፈቀዱት?» አለች ዳኛዋ። «አፈሩ የኔ ነው፣ እርምጃው የየሺመቤት ነው አሉ» አልኩ። «በእግሯ እስከሄደች ድረስ እንዳትዘጉባት ብለዋል»።

አንዳርጌ አባቱ ይህን ማለታቸውን ያን ቀን ነው የሰማው። ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው አቀረቀረ። ከኋላዬ ግን የአክስቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ቀስ ብለው የተናገሩ መስሏቸው ነው፣ ችሎቱ ሁሉ ሰምቷቸዋል።

«ምነው ታስሮ በቀረ!»

ፍርዱ ረዥም አልነበረም። በፈቃድ የተሰጠ መንገድ መብት አያሰጥም፣ ይዞታው የተከሳሽ ነው፣ ክሱ ውድቅ ነው። ሕጉን ስለማውቀው አልገረመኝም። እትዬ የሺመቤት ከችሎቱ ሲወጡ ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ብዘረጋ በከዘራቸው ገፉኝ። በአስፋልቱ በኩል፣ በቁልቁለቱ፣ ከዚያም በዳገቱ፣ ቀስ እያሉ ብቻቸውን ሄዱ። ከኋላቸው ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ተከተልኳቸው። ጉልበታቸው ሦስት ቦታ ላይ አስቆማቸው፤ ሦስቱንም ቦታ ዛሬም ለይቼ አሳያችኋለሁ። እውነት በመናገሬ አልተጸጸትኩም፤ ልቤ ግን አብሮኝ አልደሰት አለ።

አንዳርጌ በሳምንቱ አጥሩን ሠራ። አዲስ ቆርቆሮ፣ ቀጥ ያለ፣ ልክ ባለሙያው እንዳሰመረው። መንገዷ ላይ ሲደርስ ግን አንዲት ትንሽ በር አስገባ። ቁልፍ የላትም፣ መቀርቀሪያዋም በአክስቴ በኩል ነው። ለማንም ምንም አልተናገረም። ይህን የነገሩኝ ሰዎች ናቸው፤ አክስቴ ስልኬን ማንሳት ካቆሙ ሁለት ወር ሊሆን ነበር። በሩ ከተሠራ በኋላም ለብዙ ሳምንት በአስፋልቱ ዞሩ አሉኝ፤ በየቤቱ ደጃፍ እያረፉ፣ ለሚጠይቃቸው ሁሉ «መንገዱ የሰው ነው አሉኝ» እያሉ። ከዚያ ክረምቱ ገባና ዳገቱ ጭቃ ሆነ። አንድ እሑድ ጠዋት መቀርቀሪያውን ሳቡት።

በማግስቱ ደወሉልኝ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩ፣ ስለ ሰይድ ጤንነት ጠየቁ። ስለ ፍርድ ቤቱ አንድ ቃል የለም። በመጨረሻ አላስችል ሲለኝ «እትዬ፣ መንገዱ ተከፈተልዎት። ጸሎትዎ ተሰማ ማለት አይደል?» አልኳቸው።

ስልኩን ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲያዛውሩ ሰማሁ። የተናደዱ መሰለኝ፤ በእርግጥም ተናደው ነበር፣ ግን በኔ አይደለም።

«ትናንት በሩ ላይ አንዳርጌን አገኘሁት» አሉ። «እትዬ፣ እኔም እኮ ይህን ሁሉ ጊዜ ስጸልይ ነበር ይለኛል። አባቴ የተወልኝን ቦታ እንዳላጣ፣ እርስዎንም እንዳልቀየም ብዬ ነበር የለመንኩት፤ ይኸው ሁለቱም ተሰማልኝ ይለኛል። ሲስቅ ብታየው!»

«ታዲያ ጥሩ አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«ምኑ ነው ጥሩ?» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «እኔ ያን ሁሉ ቀን ጾሜ፣ ስንት ሰግጄ፣ በዚህ ጉልበቴ። እሱ ቁርሱን በልቶ፣ ምሳውን በልቶ ለምኖ። ከዚያ ሁለታችንን እኩል ይሰማናል? ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው ይቤ?»

የማውቀውን የሕግ መንገድ ሁሉ በልቤ ፈለግኩላቸው። ከዚያ በላይ ይግባኝ የሚባልበት ቤት አላገኘሁም።